የኩዊንቴት ጌሞች (ሱፐር ኒንቴንዶ)፦ ከየትኛው ልጀምር? አዳማ ነኝ

ናዝሬት_16ቢት
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ማሪዮን፣ ዜልዳንና ስትሪት ፋይተርን የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ምን ይጫወታል ብዬ ስፈልግ ኩዊንቴት የሚባል የጃፓን ጌም ሠሪ ኩባንያ ስም ደጋግሞ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ግን አልገባኝም። ያሉኝ ዕቃዎች አር36ኤስ የእጅ ጌም፣ ገና ያልተሰካ የአሜሪካ ሱፐር ኒንቴንዶ ከነአዳፕተሩ፣ እና ጀርባው ወፍራም የድሮ ቴሌቪዥን ናቸው። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ስለሚጫወት ንባብ የሚበዛበትን ለዩልኝ። ሴቭ እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንዳለብኝም ንገሩኝ።

ሴቭ_ፖይንት
ወንድሜ፣ ጥሩ ቦታ ነው የመጣኸው። ኩዊንቴት እ.ኤ.አ. በ1989 ቶኪዮ ውስጥ ተመሠረተ። ማሳያ ሃሺሞቶና ቶሞዮሺ ሚያዛኪ ከዚያ በፊት ኒሆን ፋልኮም የሚባል ኩባንያ ውስጥ ኢስ (Ys) የሚባለውን ጌም የሠሩ ሰዎች ናቸው። የአብዛኞቹ ጌሞች አሳታሚ ኤኒክስ ስለነበር ሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የኤኒክስ ስም ነው። የሠሪዎቹ ስም ተደብቆ የቀረው በዚህ ይመስለኛል።

ከአክትሬዘር (1990) ጀምር። ግማሹ በሰይፍ ውጊያ፣ ግማሹ ከላይ ሆኖ ከተማ ማስገንባት ነው። ንባቡ ትንሽ ነው፤ ውጊያውን ለወንድምህ ስጠው፣ ከተማውን አንተ ያዝ። ሙዚቃው የዩዞ ኮሺሮ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጉት። ሰው የሚሳሳተው ከተማው ላይ ነው፤ የጭራቆቹ ጉድጓዶች ተደፍነው ሲያልቁ ጨረስኩ ብሎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። እዚህ ጌም ላይ ሌቭል የሚጨምረው በሕዝብ ብዛት ነው እንጂ ጠላት በመግደል አይደለም። ሕዝቡ ከሠለጠነ በኋላም መጀመሪያ የተሠሩት ጎጆዎች ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሚይዙት ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በመብረቅ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሳቸው፤ ብዙ ሰው የሚይዝ ቤት ይተካባቸዋል። የመጨረሻው ሌቭል 17 ነው፤ እዚያ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው። አክትሬዘር 2ን ለጊዜው ተወው፤ ከተማው ተነሥቶ ውጊያው ብቻ የቀረበት በጣም ከባድ ጌም ነው።

ቀጥሎ ሶል ብሌዘር (1992)። አንድ የጭራቅ ጉድጓድ በደፈንክ ቁጥር መንደሩ ውስጥ ሰው፣ እንስሳ ወይም ዛፍ ይመለሳል። ብትሞት የሚጠፋብህ የሰበሰብከው ጄም (ዕንቁ) ብቻ ነው፣ ኤክስፒህ (ጠላት ስትገድል የምታገኘው ነጥብ) አይነካም። ስለዚህ ደፍረህ ግባ። ከዚያ ኢሉዥን ኦፍ ጋያ፣ መጨረሻ ላይ ቴራኒግማ። እነዚህ ሁለቱ ንባብ አላቸው። ሮቦትሬክ በተራ በተራ የሚዋጉበት ነው፤ ቢቆይ ምንም አይልም።

የቲቪ_ጥገና
ልጄ፣ አዳፕተሩን ግድግዳ ላይ እንዳትሰካው። የአሜሪካው የሚቀበለው 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220 ነው፤ ወዲያው ይቃጠላል። ስታቢላይዘርም አያድነውም፣ እሱም የሚያወጣው 220 ነው። ወይ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ (50 ዋት ይበቃል)፣ ወይ 220 ተቀብሎ 10 ቮልት ዲሲ፣ ቢያንስ 850 ሚሊአምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ፈልግ። ሁለተኛውን ከመረጥክ የአሜሪካው ማሽን መሰኪያ ቅርጹ የራሱ ስለሆነ የድሮውን ገመድ ጫፍ ቆርጠህ መበየድ አለብህ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን የድሮው አዳፕተር ላይ ከተሣለው ምልክት አይተህ፣ የትኛው ሽቦ ከትኛው ጫፍ እንደሚገናኝ በመልቲሜትር አረጋግጥ። ከሰው የአውሮፓውን ኒንቴንዶ አዳፕተር እንዳትዋስ፤ የእሱ ውጤት 9 ቮልት ኤሲ ነው።

ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለህ አትፍታው። ማሽኑ የሚልከው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካ የቀለም ሥርዓት ነው፣ የአገራችን ቲቪ ግን ፓል በሚባለው ነው የሚሠራው። የኤንቲኤስሲ ቀለም 3.58 ሜጋኸርዝ ላይ ይመጣል፣ ፓል ብቻ የሆነ ቲቪ ግን 4.43 ላይ ነው የሚፈልገው። ሜኑ ውስጥ ከለር ሲስተም የሚል ካገኘህ ኦቶ ወይም ኤንቲኤስሲ 3.58 አድርገው። ከሌለ ሁለቱንም የሚቀበል ቲቪ ያስፈልግሃል። የምታገናኘው ደግሞ በኤቪ ገመድ ይሁን። በአንቴና በኩል ሥዕል ብታገኝ እንኳ ድምፅ አይኖርህም፤ የአሜሪካው ድምፅ ከሥዕሉ በ4.5 ሜጋኸርዝ ይርቃል፣ የእኛው በ5.5።

የአዳማ አቧራ ካሴት ውስጥም ይገባል። አፍህን ከፍተህ አትንፋበት፣ ምራቁ የብረቱን ጥርስ ያዝገዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጆሮ ጥጥ ነክረህ ጥርሶቹን ጥረግ። 70 በመቶ የሚባለው አልኮል ውሃም ስላለበት ካሴቱን በደንብ ሳይደርቅ አትክተተው።

ናዝሬት_16ቢት
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አዳፕተሩን አልነካውም። ትራንስፎርመሩን እፈልጋለሁ። ቴራኒግማስ በዚህ ማሽን ይሠራል?

ስካንላይን
አይሠራም። ቴራኒግማ በ1995 ጃፓን፣ በ1996 መጨረሻ አውሮፓ ወጣ፤ ሰሜን አሜሪካ ጭራሽ አልደረሰም። የአውሮፓው ካሴት ቅርጹ ከአሜሪካው ማሽን ጋር አይገጥምም፤ ቢገጥምም የመቆለፊያ ቺፑ አያሳልፈውም። አር36ኤስ ላይ ተጫወተው። የትኛውም የኩዊንቴት ጌም ተጨማሪ ቺፕ ስለማይጠቀም ስኔስናይንኤክስ (የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም የሚያጫውተው ኢሙሌተር) ያለ ችግር ይሸከመዋል።

የቴራኒግማን ፋይል መጠን እይ። ትክክለኛው 4,194,304 ባይት ነው። 4,194,816 ከሆነ ፊቱ ላይ 512 ባይት ሄደር ተለጥፎበታል። ይጫወታል፣ ግን ፓች (ጌሙን የሚቀይር ማሻሻያ ፋይል) ልታደርግበት ስትል ይበላሻል። ኮንሶል ሪጅኑን ኦቶ ላይ ተወው። የአውሮፓው ቅጂ የሚሄደው በ50 ኸርዝ ስለሆነ ወደ ኤንቲኤስሲ (60 ኸርዝ) ብታስገድደው የጌሙ ፍጥነት 20 በመቶ ይጨምራል።

አሁን ወደ ሴቩ። ሬትሮአርክ (አር36ኤስ ላይ ኢሙሌተሮቹን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ጌሙ ውስጥ ያደረግከውን ሴቭ ካርዱ ላይ የሚጽፈው በአብዛኛው ጌሙን ዘግተህ ስትወጣ ነው። ባትሪው ካለቀ ወይም ቁልፉን ተጭነህ ካጠፋኸው ያ ሁሉ ይሄዳል። ሴቲንግስ፣ ሴቪንግ፣ ሴቭራም ኦቶሴቭ ኢንተርቫል ግባና 10 ሰከንድ አድርገው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ሴቭ ስቴት (ኢሙሌተሩ ራሱ ጌሙን ባለበት ቅጽበት የሚያስቀምጠው) የጌሙን ሴቭም አብሮ ይዟል። ዛሬ ጌሙ ውስጥ ሴቭ አድርገህ ነገ የቆየ ስቴት ብትከፍት የዛሬውን በአሮጌው ይደፍነዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተጠቀም። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ርካሽ ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ሳይሞት በፊት ወደ ጥሩ ካርድ ገልብጠው።

ጌሙ ራሱ፦ የዓለሙ ካርታ የራሳችን ምድር ነው። ከታች ካለው ዓለም አህጉራቱን ታስነሣለህ፤ ከዚያ ወጥተህ ዕፅዋትን፣ ወፎችን፣ እንስሳትን፣ በመጨረሻ ሰውን ትመልሳለህ። ብዙ ሰው ጌሙን የሚተወው ሲልቫን ቤተ መንግሥት ያለችው ብላዲ ሜሪ ላይ ነው። ሌቭልህ ዝቅ ካለ ጦርህ ከሕይወቷ 1 ነጥብ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ወደ ኋላ ተመልሰህ ሌቭል ጨምር፣ ከዚያ በማጂሮክ (ጌሙ ውስጥ በሚገኝ ድንጋይ) የማጂክ ቀለበት ገዝተህ ግባ። ቀለበቱን ስትጠቀምበት ማጂሮኩ ይመለስልሃል፤ ስለዚህ መቆጠብ ጥቅም የለውም።

ቀይ_ዕንቁ
ኢሉዥን ኦፍ ጋያን በችኮላ አትለፉት። ናዝካ፣ አንኮር ዋት፣ የቻይና ታላቁ ግንብና ፒራሚድ ያሉበት ነው። ኤክስፒ የለውም፤ አቅም የሚጨምረው የአንዱን አካባቢ ጠላት ሁሉ ስታጠራ ነው። ቀይ ዕንቁዎቹ 50 ናቸው። ሁሉንም የሰበሰበ የሶል ብሌዘሩን ሶሊድ አርም በድብቅ ቦስነት ያገኘዋል። ታሪኩ ከአንድ ቦታ ካወጣህ ወደ ብዙዎቹ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ከየከተማው ሳትወጣ ማሰሮውን፣ ጥግ ጥጉን፣ ከቤት ጀርባ ያለውን ሁሉ ፈትሽ። ሕይወት የሚመልሰው ዕፅም ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ለቦስ አስቀምጠው።