እማዬ ዲያሊስስ ትጀምር ተባለ፣ እሷ ግን ምን እንደምትፈልግ እንዴት ልወቅ?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 79 ዓመቷ ነው፣ እኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ስኳር አለባት፣ ልቧም ደክሟል፣ አሁን ደግሞ ኩላሊቷ። የልብ ሐኪሟ የሚያሸናውን ኪኒን ሲጨምር የኩላሊቱ ቀንሱ ይላል፣ የስኳሩ ደግሞ የራሱ አለው። አሁን ለዲያሊስስ፣ ማለት በኩላሊቷ ፈንታ ደሟን ለማጣራት፣ ተዘጋጁ ተባልን። ሐኪሙ "ለእርስዎ ዋናው ነገር ምንድነው?" ሲላት "እግዜር ያውቃል፣ እናንተ ያላችሁት ይሁን" ብላ ዝም አለች። ወንድሞቼ ያለው ሁሉ ይደረግላት ነው የሚሉት፣ እኔ ግን የሷን ሐሳብ ሳልሰማ መፈረም በጣም ከበደኝ። እናንተ እንዴት አወራችኋቸው?

ነርስ ከቨርጂኒያ፦
እህቴ ያ ጥያቄ እኮ ለኛ እናቶች በጣም ሰፊ ነው፣ ሐኪም ፊት ይሄን እፈልጋለሁ ያንን አልፈልግም ማለት ድፍረት ይመስላቸዋል። ህክምናውን ተይና ስለ ውሎዋ ጠይቂያት። ደህና ዋልኩ የምትይው ምን ስታደርጊ ነው? የትኛው መድኃኒት ነው ያስመረረሽ? ከሁሉ የምትፈሪውስ? ቡና እየጠጣችሁ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እንጂ ወንድሞችሽ ተሰብስበው አይሆንም። አንዲት እናት ቅዳሴ ማስቀደስ እፈልጋለሁ ግን ኪኒኑ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል ሲሉ ሐኪማቸው እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ይውሰዱት አለ፣ በቃ ተፈታ። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው እንጂ ቀላል ነገር ነበር።

ዲያሊስሱንም በቀኗ ልክ ንገሪያት፣ ሴንተር ሄዳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በሄደች ቁጥር ለ4 ሰዓት ያህል፣ ምልልሱና ድካሙ ሲጨመር ቀኑ እዛው ያልቃል። ለተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ካልተስማማ ማቆም ይቻላል፣ ያለ ዲያሊስስ እብጠቱን ትንፋሹን ማሳከኩን እያከሙ መቆየትም አለ፣ እሱም ህክምና ነው።

የሸዋ ልጅ፦
እኔ አልስማማም። አባቴ ሁሉ ሲነገረው ተስፋ ቆርጦ ምግብ እምቢ አለ። በኛ አገር መርዶ እንኳን በወግ ነው የሚነገረው፣ ለልጆች ይነገር ይበቃል።

አልማዝ፦
ወንድሜ እግዜር ያጽናህ። ግን እኮ እሱንም ራሳቸውን መጠየቅ ይቻላል፣ "እማዬ ስለ ህመምሽ አንቺ ልትሰሚ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለኔ ይንገሩኝ?" ተብሎ። ለልጄ ይነገር ካለች ምርጫዋ ነው፣ እንደዛ ከሆነ ስለሷ የሚወስነው ማን እንደሆነ በፎርም አስሞሉ፣ አለዚያ ልጆች አልጋ ዳር ይጣላሉ፣ አይቻለሁ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ካላት ከ2016 ጀምሮ ሐኪሙ ለዚህ ውይይት ይከፈለዋል፣ ስለዚህ ለሱ ብቻ ቀጠሮ ያዙ። አስተርጓሚ ደግሞ በነፃ ጠይቂ፣ አንቺ አታስተርጉሚ፣ ልጅ ከባዱን ነገር መዝለሉ አይቀርም።

የሜሪላንዷ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ማታ ጠየቅኳት፣ ብዙ አወራች! ዲያሊስሱን ልሞክረው፣ ካደከመኝ ግን እንዳታስገድዱኝ አለች። ከሞት ይልቅ ወድቃ ያልጋ ቁራኛ መሆን ነው የምትፈራው፣ ከዛ ደግሞ ፍልሰታን ካልጾምኩ ምኑን ኖርኩት አለችኝ። ኢንሱሊን እየወሰደች ስኳሯ እንዳይወርድ ፈራሁ፣ ምን ይሻላል?

ነርስ ከቨርጂኒያ፦
ጎሽ። ኢንሱሊኑን በራሷ እንዳትቀንስ እንዳታቆምም፣ ጾሙ ሳይገባ ለሐኪሟ ንገሩት፣ መጠኑንና ሰዓቱን እሱ ያስተካክላል። በሷ ዕድሜና ህመም ኤዋንሲው (የሦስት ወር አማካይ ስኳሯን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ8 ፐርሰንት በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ አጥብቆ ማውረዱ ነው አዙሮ የሚጥላት። ንስሐ አባቷንም ቤት ጥሯቸው፣ ለታመመ ሰው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም እሳቸው ሲነግሯት ነው የምትቀበለው።