ጥቆማ፦ ለ60 ሳንቲ ሜትር አኳሪየም ኮሪዶራስ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የ60 ሳንቲ ሜትር አኳሪየም፤ ከጉፒ (ትንሽ ባለቀለም ዓሣ) ጋር ስድስት ኮሪዶራስ (ወለል ላይ የሚኖር ትንሽ ባለጢም ዓሣ) ይገባበታል። የቱ ዝርያና የቱ ፊልተር ይሻላል? ገንዳውስ ተገጣጥሞ የመጣው ነው ወይስ መስታወት ቤት የሚሠራው?

መልስ፦
ግራጫ ሆኖ ጠቆር ያለ ዝንጉርጉር ያለበትን፣ ፓሌያተስ የሚባለውን የኮሪዶራስ ዝርያ ፈልግ። አገሩ ኡራጓይና አርጀንቲና ስለሆነ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ይበቃዋል። ስተርባይ የሚባለው ዝርያ ያምራል፣ ግን ከ24 እስከ 28 ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ውሃው ይቀዘቅዝበታል። ለጉፒው ሲባል 50 ዋት ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) አስገብተህ 22 ላይ አድርገው፣ ሁለቱም ይስማማሉ። ከስድስት በታች አትግዛ፤ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፣ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ተደብቀው ይውላሉ።

መልስ፦
ገንዳውን መስታወት ቤት አሠራ፣ ልኩን ግን አንተ ስጥ፦ 60 በ30፣ ቁመቱ 35፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት። ተገጣጥመው ከሚመጡት ብዙዎቹ ለዓይን እንዲያምሩ ቁመት ይበዛቸዋል፤ ኮሪዶራስ የሚኖረው ወለሉ ላይ ነው። ሲሊኮኑን ራስህ ገዝተህ ውሰድ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ መርዝ አለበት፣ ዓሣ ይገድላል። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ሞልተህ ደረቅ ካርቶን ላይ ሁለት ቀን አቆየው። ካርቶኑ ከረጠበ መልሰህ ውሰደው።

መልስ፦
ስለ ፊልተር፦ ስፖንጅ ፊልተር፣ አረፋ ከሚነፋለት ኤር ፓምፕ ጋር፣ ሌላ አያስፈልግም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል አካባቢ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ አረፋው ጌጥ አይደለም። ከፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ በተጠባባቂነት አስቀምጥ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠበው፣ ክሎሪኑ ስፖንጁ ላይ የሚኖረውን፣ ውሃውን የሚያጸዳውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል፤ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ጭመቀው። አዲስ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ዓሣ ሳይገባበት፣ ትንሽ ምግብ እየተጣለበት ይሥራ፤ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ። ከዚያ በየሳምንቱ ሩቡን ቀይር፤ ምትኩን ከአንድ ቀን በፊት ባልዲ ውስጥ አረፋ እየሰጠህ አቆየው።

ዓሣው አልፎ አልፎ ወደ ላይ ተወንጭፎ አየር ሲጎነጭ አትደንግጥ፣ በአንጀቱም ይተነፍሳል። ሁሉም በየደቂቃው ከተመላለሱ ግን ወይ ኦክስጅን አንሷል ወይ አሞኒያ አለ።

መልስ፦
አሸዋውን ረሳችሁት። ለግንባታ የሚሸጠው 00 ጠጠር ርካሽ ነው፤ ግን በማሽን የተፈጨ ስለሆነ ጠርዙ ስለት ነው። ዓሣው ቀኑን ሙሉ በጢሙ እየቆፈረ ስለሚበላ ጢሙ ያልቃል፤ ወለሉ ከቆሸሸ ደግሞ ቁስሉ ይመረቅዛል። መዳፍህ ላይ ስታሸው የማይቧጥጥ የወንዝ አሸዋ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ውሃው እስኪጠራ እጠበው። ኮምጣጤ ጠብ ስታደርግበት የሚፈላው ኖራ አለበት፣ ተወው።

‘የሌላውን ትርፍራፊ ይበላል’ የሚል ሻጭ ቢያጋጥምህ አትመን። ተንሳፋፊውን ምግብ ጉፒው ይጨርስበታል፤ የሚሰጥም እንክብል ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ጣልለት። ሱቅ ውስጥ ሆዱ የገባውን፣ ጢሙ ያጠረውን አትውሰድ። ሲያወጡልህም በመረብ ሳይሆን በኩባያ ይሁን፤ የክንፉ እሾህ መረቡ ላይ ይጠመዳል።