ከሴይበን በኋላ የመጣው ሰው ስንት ዓመት ይሰጠው?

ጎረቤት_ዘቱስካሉሳ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለቤቱ። አላባማ፣ ቱስካሉሳ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 15 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስመጣ የአሜሪካ ፉትቦል ምኑም አይገባኝም ነበር። ያስተማረኝ አጥር የሚያዋስነን ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ጋራዥ ውስጥ ይሰቅልና ወንበር ስቦልኝ፣ «አሁን ኳሱን ለምን እንደጠለዙት ገባህ?» እያለ አንድ በአንድ ያስረዳኝ ነበር። ልጆቼ እዚያ ጋራዥ ውስጥ አደጉ ማለት ይቻላል። ትልቁ ዘንድሮ እዚሁ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

እንደምታውቁት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል አሠልጣኝ የነበረው ኒክ ሴይበን ጃንዋሪ 10 ቀን 2024፣ በ72 ዓመቱ በቃኝ አለ። እዚህ በቆየባቸው 17 ዓመታት 6 የአገር አቀፍ ዋንጫ በልቷል። የስፖርት ኃላፊው ግሬግ በርን ተጫዋቾቹን ሰብስቦ «72 ሰዓት ታገሱኝ» ካለ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን አሠልጣኝ ኬለን ዲቦርን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አመጣ። ሰውዬው ከአራት ቀን በፊት ዋሽንግተንን ይዞ ለዋንጫ ተጫውቶ በሚሺጋን የተሸነፈ ነው።

የመጀመሪያ ዓመቱን፣ የ2024ን፣ አይታችሁታል። ጆርጂያን 41 ለ 34 አሸነፍን። የ17 ዓመቱ ራያን ዊልያምስ ያንን ኳስ ይዞ ሲሽከረከር ጋራዡ ውስጥ ተቃቅፈን ጮኽን። ሳምንቱን በቫንደርቢልት 40 ለ 35 ተሸነፍን። አላባማ በቫንደርቢልት ከተሸነፈ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ ቴነሲ፣ ከዚያ ኦክላሆማ 24 ለ 3፣ መጨረሻ ላይ ታምፓ ውስጥ ሚሺጋን አሸነፉን። 9 ድል፣ 4 ሽንፈት።

አሁን ልጄ «ይባረር» ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ እንዲህ ሲባል አይወድም። ጃንዋሪ 1983 የድሮው ታላቅ የአላባማ አሠልጣኝ ቤር ብራያንት ሲሞት፣ ጡረታ ከወጣ ገና ወር አልሞላውም ነበር፣ አስከሬኑ ከዚህ ወደ በርሚንግሃም ሲሄድ ሰዉ በየድልድዩ ላይ ቆሞ ሸኝቶታል። ጎረቤቴ ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከቆሙት አንዱ ነው። «ከዚያ በኋላ የመጡትን ሰዎች ምን እንዳደረግናቸው አውቃለሁ» ይላል፤ ከዚህ በላይ አያወራም።

በየስቴቱ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነበር? ትልቅ ሰው ሲለቅ የተተካውን በስንት ጊዜ መመዘን ነው የሚገባው? ከቤት ልጅ እና ከባዳስ የቱ ይሻላል?

ሰናይት_ነብራስካ፦

ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ እኛን ሊንከን ያለነውን ያማል። ቶም ኦስቦርን የነብራስካ ዩኒቨርሲቲን ቡድን 25 ዓመት አሠለጠነ፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከ9 ጨዋታ በታች ያሸነፈበት አንድም ዓመት የለም። 1997 ዋንጫውን ወስዶ ለቀቀ። የተካው ፍራንክ ሶሊች የቤት ልጅ ነው፣ ከዚያ በላይ የቤት ልጅ አይገኝም። እዚሁ የተጫወተ፣ በኦስቦርን ሥር 19 ዓመት ረዳት የነበረ። በ6 ዓመት 58 ጨዋታ አሸነፈ። በ2001 ሲዝን እስከ ዋንጫው ጨዋታ ደርሶ በማያሚ ተሸነፈ። በ2002 7 ለ 7 ወጣ (7 አሸንፎ 7 ተሸነፈ)፤ ያኔ ሰው ሁሉ ዞረበት። በ2003 ግን ራሱን አስተካክሎ 9 ጨዋታ አሸንፎ ነበር።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ በጨዋታ ቀን ስታዲየም ውስጥ ትኩስ ቸኮሌት እሸጣለሁ። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ኮሎራዶን በሜዳዋ አሸንፈው በተመለሱ ማግስት፣ ቅዳሜ ማታ፣ አባረሩት። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ነው የሰማሁት። ሰኞ ክፍል ውስጥ ፕሮፌሰራችን ትምህርቱን ትቶ አሥር ደቂቃ ስለዚሁ አወራ፣ የሒሳብ ፕሮፌሰር!

በቦታው የመጣው ቢል ካላሃን በመጀመሪያ ዓመቱ 5 ለ 6 ወጣ። ነብራስካ ከ1961 ጀምሮ እንደዚያ ሆና አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የኮንፈረንስ (የምንጫወትበት ሊግ) ዋንጫ እንኳ አላየንም። ስለዚህ ለልጅህ ንገርልኝ፦ ከማባረር በፊት ማን እንደሚመጣ ይጠይቅ። በዓመት 9 ጨዋታ የሚያሸንፍ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ አይገኝም።

ቀይ_ከማንችስተር፦

እኛም አለንበት። ፈርጉሰን 2013 ላይ ሲለቅ ዴቪድ ሞየስን ራሱ መረጠልን፤ የ6 ዓመት ውል ተሰጠው፣ በ10 ወሩ ተሰናበተ። የሰው ሁሉ ትዝታ ውጤቱ ነው። እኔ የማልረሳው ግን ሲገባ ያደረገውን ነው፤ ከፈርጉሰን ጋር የሠሩትን ረዳቶች አሰናብቶ የራሱን ሰዎች ይዞ ገባ። ቤቱን የሚያውቁትን አስወጥቶ ቤቱን ሊመራ ሞከረ። ፈርጉሰን ደግሞ በስሙ የተሰየመ ትሪቡን ባለበት ስታዲየም ከላይ ተቀምጦ ያያል፤ ካሜራው ጎል በገባብን ቁጥር ወደሱ ይዞራል። ሰው በዚህ ሁኔታ እንዴት ይሠራል? የናንተም ሜዳ በሴፕቴምበር 2024 በሴይበን ስም ተሰይሟል፣ ቢሮውም እዚያው ስታዲየሙ ውስጥ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለዲቦር አዘንኩለት።

እናት_በኮለምበስ፦

የቤት ልጅና ባዳ የምትሉት ዋናው ነገር አይመስለኝም። ዋናው ተጫዋቾቹ ናቸው። ሴይበን ሲለቅ በነበረው ደንብ፣ ዋና አሠልጣኝ ሲለቅ ተጫዋቹ ሁሉ ለ30 ቀን ወደፈለገበት ዩኒቨርሲቲ የመዛወር በር ይከፈትለት ነበር። ኬሌብ ዳውንስ ከአላባማ እኛ ጋ ኦሃዮ ስቴት መጣ። ጁልያን ሴይንም እንደዚሁ። አይዛያ ቦንድ ቴክሳስ ገባ። ሴይበን 2007 ላይ ሥራውን ሲይዝ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ የተዛወረ ልጅ አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ዲቦር በመጀመሪያው ሳምንት የሠራው ሥራ ልጆቹን አንድ በአንድ እየለመነ ማስቀረት ነው።

ደግሞ የሴይበንን የመጀመሪያ ዓመት ሰው ሁሉ ረስቶታል። 7 ለ 6 ነው የወጣው! በገዛ ሜዳው በሉዊዚያና ሞንሮ 21 ለ 14 ተሸንፎ። የኔ ልጅ ሃይስኩል ስለሚጫወት ይሄን ሁሌ እነግረዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት 12 አሸነፈ።

ጎረቤት_ዘቱስካሉሳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን እየተረጎምኩ ለጎረቤቴ ጋራዡ ውስጥ አነበብኩለት። ስለ ሞየስ ረዳቶች ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝና፣ ከብራያንት በኋላ ስለመጣው ሬይ ፐርኪንስ ማውራት ጀመረ። ፐርኪንስ የብራያንት ተጫዋች ነበር፣ የቤት ልጅ። ብራያንት ቆሞ ልምምድ የሚያይበትን ማማ ከሜዳው አስነሳው። ጎረቤቴ ማማው የነበረበትን ባዶ ቦታ ሊያይ ከሥራ ሲወጣ በዚያ በኩል ዞሮ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። ለአሠልጣኙ ክፉ ማሰብ የጀመረው ያኔ እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ።

ከፐርኪንስ በኋላ ቢል ከሪ መጣ። በ3 ዓመት 26 ጨዋታ አሸንፎ 10 ብቻ ተሸነፈ፤ ግን የስቴታችንን ተቀናቃኝ ኦበርንን አንድም ቀን አላሸነፈም። በ1988 ኦሌ ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) እዚሁ ሲያሸንፈን የቢሮው መስኮት በጡብ ተሰበረ። በ1989 10 ጨዋታ አሸንፎ ራሱ ጥሎ ወደ ኬንታኪ ሄደ። ጎረቤቴ ይሄን ሲያወራ አይን አይኔን እያየ ነበር። «ጡቡን እኔ አልወረወርኩም፤ ግን በማግስቱ ስሰማ አላዘንኩም» አለኝ። ከብራያንት እስከ ሴይበን ድረስ ሰባት ሰው ተሹሞበታል፣ የአገር አቀፍ ዋንጫ የበላው ጂን ስታሊንግስ ብቻ ነው።

ልጄም እዚያው ነበር። የሉዊዚያና ሞንሮን ነገር አላመነም፤ ስልኩን አውጥቶ ፈልጎ አገኘው። ውጤቱን ለጎረቤቴ ሲያሳየው «እዚያው ነበርኩ፣ ዝናብ የመታኝ ያህል ሆኜ ነው የወጣሁት» አለው። ልጄ ከዚያ በኋላ «ይባረር» አላለም። «አንድ ዓመት ግን ብዙ ነው» ብሎ ትንሽ ተከራከረ።

የኔ ሐሳብ፦ ዲቦር ራሱ የመለመላቸው ልጆች ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ ያኔ ይመዘን። ሰው ከጡረተኛ ሰው በተረከበው ሳይሆን ራሱ በዘራው ቢጠየቅ ነው ደግ። እህቴ ሰናይት፣ ያ ሶሊች የተባለው ሰው ተመልሶ አያውቅም?

ሰናይት_ነብራስካ፦

መጣ እንጂ። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እስከ 2021 ድረስ እዚያ ሲሠራ ኖረ፤ 115 ጨዋታ አሸነፈላቸው። እዚህ ግን አይመጣም ነበር። በ2023 አዲሱ አሠልጣኝ ማት ሩል ጋብዞት፣ የስፕሪንጉን የልምምድ ጨዋታ ለሱ ክብር አደረጉት። ሃያ ዓመት! ልጄን ይዤ ሄድኩ። ትንሽ ሰውዬ ነው፣ ከመቀመጫችን በደንብ አይታይም። ልጄ «ማነው እሱ? ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ። ቆሜ እያጨበጨብኩ ስለነበር ቶሎ አልመለስኩላትም።