ለ1968 ሸቬል የትኛው ሞተር ይሻላል? የድሮው 350 ወይስ ኤልኤስ?

ማሊቡ68 (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ መኪና የ1968 (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌ ሸቬል ማሊቡ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ሞተሩ 307 (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኩቢክ ኢንች ነው)፣ ካምቢዮው ፓወርግላይድ የሚባለው ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ። ቦዲው ደህና ነው፤ ሞተሩ ግን አልቆለታል። የዘይት መለኪያውን ስስበው ማኪያቶ ነው የወጣው፣ ዘይቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሏል። ቴስታታውን አውርደን ስናይ ብሎኩ ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል። ያለ አንቱፍሪዝ በረዶ ላይ ከርሞ መሆን አለበት።

መቀየሩ ካልቀረ ምን ላስገባ? አንዱ ጓደኛዬ «ኤልኤስ (በኮምፒዩተር የሚሠራውን አዲሱን የጂኤም ቪ8) አስገባና ተገላገል» ይለኛል፣ ሌላው «ለድሮ መኪና ኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል» ይላል። ለሞተሩና ተከትሎ ለሚመጣው ወጪ ሁሉ የያዝኩት 6,000 ዶላር ነው። ውድድር አልገባም። ቅዳሜና እሁድ ቤልትዌይ (የዋሽንግተን ዙሪያ ፈጣን መንገድ) ላይ ሳይጮህ እንዲሄድልኝ፣ የዘመድ ሠርግ ሲኖር ሙሽሮቹን እንዲይዝልኝ ብቻ ነው። ፍሬኑ አራቱም እግር ታምቡር ነው።

የቄራው መካኒክ (ዴንቨር)፦
ብር ከማውጣትህ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን እይ። የ1968 ሸቬል ቁጥሩ በ138 ከጀመረ እውነተኛው ኤስኤስ 396 (ትልቅ ሞተር ያለው ተፈላጊው ሸቬል) ነው፤ በ136 ከጀመረ ባለ ቪ8 ማሊቡ ነው። ያንተ 136 ከሆነ «ኦሪጅናል ሞተሩ ይቀመጥ» የሚለውን ጭንቀት እርሳው። 307 ነው ብሎ ጨምሮ የሚከፍልህ ገዢ አይመጣም።

እኔ ብሆን 350 ነበር የማስገባው። 283፣ 307፣ 327፣ 350 ውጫቸው አንድ ነው፤ የሞተር መቀመጫውም ካምቢዮውም ሳይነካ ይገባልሃል። የ307 ሲሊንደር ስፋቱ 3.875 ኢንች ነው፣ የ350 ግን 4 ኢንች፤ የፒስተኑም ጉዞ ከ3.25 ወደ 3.48 ይረዝማል። ልዩነቱን ገና ከመብራት ስትነሳ ታውቀዋለህ። ፋብሪካው ለ307 የጻፈው 200 ፈረስ ጉልበት እንዳያታልልህ፤ የዚያን ጊዜ ሞተር የሚለካው ማርሚታም ምንም ሳይጫንበት ብቻውን ነበር።

የቪ8 ወዳጅ (ሂውስተን)፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ዘመኑ 2 ማርሽና ካርቡራተር አይደለም። ከ1999 እስከ 2007 የነበሩት ሲልቨራዶና ታሆ ላይ ያለው ባለ 5.3 ሊትር ኤልኤስ ጃንክያርዱን ሞልቶታል። የአብዛኞቹ ብሎክ ብረት ስለሆነ በቀላሉ አይበገርም። በብርድ ጠዋት ቁልፉን ስታዞር ይነሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። አንዴ ከገባ በኋላ ኮፈን ከፍቶ መነካካት የለም።

ማሊቡ68፦
6,000 ይበቃዋል?

የቪ8 ወዳጅ፦
እውነቱን ልንገርህ፣ ሞተሩ ርካሽ ነው፤ የሚያስወጣህ ዙሪያው ነው። ካርቡራተር 6 ፒኤስአይ አካባቢ የነዳጅ ግፊት ይበቃዋል፣ ይሄኛው 58 ይፈልጋል። ስለዚህ ፖምፓው፣ መስመሩ፣ ምናልባትም ሳልባትዮው ይቀየራል። የፒክአፑ የዘይት መያዣ ጥልቅ ስለሆነ የፊት መስቀለኛ ብረቱን ይነካል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሌላ ትገዛለህ። ከዚያ የመቀመጫ ማስማሚያ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ኮምፒዩተሩን ማስተካከል፣ የጭስ መውጫ፣ ካምቢዮ። ሁሉንም በእጅህ ከሠራህ ትደርስበታለህ። ጋራዥ ከሰጠኸው በዚህ ብር አታስበው።

የጋራዥ እህት (ሎስ አንጀለስ)፦
መሃሉን መንገድ ማንም አላነሳውም። ከ1996 እስከ 2000 በሰበርባንና በጭነት ቫኖች ላይ የነበረው ቮርቴክ 350 አለ፣ ኤል31 የሚባለው። የድሮው ቤተሰብ የመጨረሻው ነው፤ ቴስታታው ከድሮዎቹ በጣም የተሻለ አየር ያሳልፋል። በአዲሱ አለካክ 255 ፈረስ ጉልበት አለው። ካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሮለር ነው። የድሮው ጠፍጣፋ ካም ግን ዚንክ የበዛበት ዘይት ካላገኘ ይበላል፤ አዲስ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ሲነሳ ሳይጠፋ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ መያዝ አለበት። ከዚህ ሁሉ ትድናለህ።

ወጥመዶቹን ግን እወቅ። ካርቡራተሩ የሚቀመጥበት ማኒፎልድ የቮርቴክ መሆን አለበት፤ ባለ 8 ብሎን ነው፣ የድሮው ባለ 12 አይገጥምም። ከ1986 ወዲህ የክራንኩ የኋላ ዘይት ማገጃ ስለተቀየረ ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኘው ጥርሳም ሳህንም ክብደት የተጨመረበት ነው። የ307ቱን ከገጠምክ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ብዙዎቹ ብሎኮች የሜካኒካል ነዳጅ ፖምፓ ቦታ ስለሌላቸው ዝቅተኛ ግፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ አስገባ።

የቄራው መካኒክ፦
እሷ ያለችው ይሻላል፣ እኔም እደግፋለሁ። በሚተርፍህ ብር ግን ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የፊቱን ፍሬን ዲስክ አድርግ። ያ ታምቡር ሲግል አይዝም፤ ሙሽራ ጭነህ ደግሞ አይሞከርም። ቤልትዌዩ ከሆነ ጭንቀትህ፣ ቆይተህ ፓወርግላይዱን በ700አር4 ቀይረው። ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ባለ 4 ማርሽ ነው፣ አራተኛው 0.70 ስለሆነ የሞተሩ ዙር ይወርዳል። ከካርቡራተሩ የሚመጣው ኬብል በትክክል ካልተስተካከለ ግን ካምቢዮው ይቃጠላል። ኬብሉን የሚያውቅ ሰው ይሥራልህ።

አዲስ ታርጋ (ባልቲሞር)፦
ከሞተር ውጭ አንድ ነገር፦ በታሪካዊ ታርጋ ካስመዘገብከው ሜሪላንድ የጭስ ምርመራ አይጠይቅህም፤ ስለዚህ ካርቡራተሩ አያሳስብህ። ታርጋው ግን ለሥራ አይደለም። የዘመድ ሠርግ ይሁን፣ በክፍያ ማከራየት አትጀምር።

ማሊቡ68፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ቁጥሩን አየሁት፣ 136 ነው። ቮርቴኩን ልይዝ ነው። አንድ ከ1998 ሰበርባን የወጣ አግኝቻለሁ፤ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ስለተቀመጠ ማስነሳት አይቻልም። ምን ልይ?

የጋራዥ እህት፦
የነዚህ ቴስታታ ደካማ ጎን በቫልቭ መቀመጫው አካባቢ መሰንጠቅ ነው፤ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮንም ውሃ ያፈሳል። የቫልቭ ሽፋኑን አንዱን ፈትተህ ውስጡን እይ፦ ነጭ ዝቃጭ ካለ ትተኸው ሂድ። ባትሪና ስታርተር ካስፈቀደህ የስምንቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለካ፤ አንዱ ወይም ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ከሌሎቹ በጣም ከወረዱ አትግዛው። ከገዛኸው ደግሞ ማኒፎልድ ከማዘዝህ በፊት ሁለቱን ቴስታታዎች ማሽን ሾፕ ወስደህ በማግኔት አስመርምራቸው።