ሐይቅ ላይ ቆመናል፤ መንገዱን የምታውቁ እርዱን

ሰላም ወገኖች። አልጋና ምድጃ ባስገጠምንለት ሚኒባስ ከነቤተሰቤ ወደ ላሊበላ እየሄድን ነው። አሁን ሐይቅ ከተማ ቆመናል። አንዱ «የወልዲያ መንገድ ክፍት ነው» ይለናል፤ ሌላው «ከመርሳ መለሱን» ይላል። ማንን እንመን? ዛሬ ከዚያ የመጣ ሹፌር ካለ እባካችሁ ንገሩን።

ማደሪያም ጨንቆናል። ሐይቁ ዳር ያምራል፤ ግን በዚህ ጊዜ ልጆች ይዤ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን አልቆምም። መኪና ግቢ አስገብቶ የሚያሳድር፣ ዘበኛ ያለው ሆቴል ታውቃላችሁ? የምንተኛው መኪናችን ውስጥ ነው። ውሃና መጸዳጃ ካገኘን ይበቃናል፤ ሂሳቡን እንከፍላለን።

ናፍጣው ከግማሽ በታች ወርዷል። ከወልዲያ በኋላ ያለው የድልብ ዳገት ደግሞ ነዳጅ ይበላል፤ በጎደለ ሰልባቲዮ አልደፍረውም። ውጫሌ ናፍጣ ይገኛል ወይስ ወደ ደሴ ተመልሰን እንቅዳ?