ልጄ ምግብ እምቢ ብላለች፤ የእናት አያያዝ በነጥብ ይለካል?

ጥያቄ (እናት፣ ፍኖተ ሰላም)
ሰላም ለሁላችሁ። የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ምግብ መቀነስ የጀመረችው በሁዳዴ ነው። ፋሲካ አልፎም "ጾም ላይ ነኝ" ትላለች። በጣም ከስታለች፤ የወር አበባዋም ቀርቷል። ሐኪም አይቷት "አኖሬክሲያ ነው" (መወፈርን በመፍራት ምግብ የሚያስቀንስ የአእምሮ ሕመም) ብሎን ክትትል ጀምረናል። ውጭ አገር ያለች እህቴ ደግሞ ካስክ የሚባል የአስታማሚ ወላጆች መጠይቅ ተርጉማ ላከችልኝ። 27 ጥያቄ አለው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ለራስ ነጥብ ይሰጣል። "ምላስን መግታት" (ከመጨቃጨቅ መቆጠብ) የሚለው ላይ ነጥቤ ዝቅ አለ። ማዕድ ላይ "በሞቴ" ብዬ ጉርሻ ስዘረጋ ፊቷን ታዞራለች፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። መጥፎ እናት ነሽ ማለቱ ነው?

መልስ (ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ)
አይዞሽ እህቴ። ካስክ የተሠራው ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ ነው። የሚለካው ፍቅርሽን ሳይሆን ክህሎትሽን ነው፤ ክህሎት ደግሞ በልምምድ ይመጣል። ዝቅ ያለውን አንዱን ብቻ ያዢ። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ድገሚውና ከራስሽ ከበፊቱ ነጥብ ጋር አስተያዪው። አባቷም ለብቻው ይሙላ። ብዙ ቤት አንዱ ሲቆጣ ሌላው ያባብላል፤ ሕመሙ በመሀል ቦታ ያገኛል።

ምላስን መግታት ማለት እንዳሻት ትሁን ማለት አይደለም። ምንና መቼ እንደምትበላ ከሐኪሙ ጋር ተመካክራችሁ እናንተ ወስኑ። ማዕድ ላይ ግን ክርክር ይቅር። "እንደከበደሽ አውቃለሁ፤ አጠገብሽ ነኝ" በያትና ዝም በይ። "ወፈር ብለሻል፣ አምሮብሻል" የሚለው በእኛ አገር ሙገሳ ነው። እሷን ግን ያስደነግጣታል። ዘመድ ጎረቤቱም ይህን እንዳይላት አደራ በያቸው።

መልስ (አባት፣ ዳንግላ)
የጾሙን ነገር ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ለታመመ ሰው ጾም ይፈታል። እኛ ቤት ሐኪሙን ያቃተውን የእሳቸው አንድ ቃል ፈታው። ጸበልም ብትወስዷት ሳትበላ አትዋል፤ የሐኪም ቀጠሮውም አይለፍ።

መልስ (መምህርት፣ ቢቸና)
"ራስን መንከባከብ" የሚለው ላይስ ስንት ሰጠሽ? እሱም ከመጠይቁ ክፍሎች አንዱ ነው። ሳይተኙና ሳይበሉ ማስታመም የትም አያደርስም። ምሳዋን ትምህርት ቤት ከሆነ የምትበላው፣ የምታምናት አንዲት መምህርት አብራት እንድትቀመጥ ጠይቂ።

መልስ (ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ)
አንድ ነገር ረስቼ። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ውሃም እምቢ ካለች ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ለረጅም ጊዜ ሳትበላ ቆይታ ከሆነም በአንድ ጊዜ ብዙ አትመግቧት። በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት በድንገት ይወርዱና ልብ ላይ አደጋ ያመጣል። መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አባቷ ዛሬውኑ ይሞላል። አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል፤ አያቷ "ቡዳ ነው" እያሉ ማዕድ ላይ አይተዋትም። እንዴት ልያዛቸው?

መልስ (ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ)
አትከራከሪያቸው፤ የሚወዷት ሰው ናቸው። ማዕዱን ለእናንተ ይተዉላችሁና ከምግብ በኋላ ያለውን ሰዓት ስጫቸው። "ለምን በላሁ" የሚለው ጭንቀት የሚበረታው ያኔ ነው። ቡና እየተፈላ አብረው ጥጥ ይፍተሉ፣ የልጅነታቸውን ያጫውቷት። ስለ ምግብ ብቻ እንዳያነሱ።