የመስክ ትምህርትን ውጤት እንዴት ልመዝን?

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቻችን የየኮርሱን የትምህርት ውጤት ስለማሳካታቸው ማስረጃ አቅርቡ ተብለናል። እኔን የቸገረኝ ሰርቬይንግ (የመሬት ቅየሳ) ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ጥሩ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን የምርጫ ጥያቄ ስሌትን ያሳይ ይሆናል እንጂ፣ ልጁ ትሪፖዱን (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን) ተክሎ፣ የሌቭሉን (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያውን) አረፋ መሃል አምጥቶ፣ ስታፉን (ቁጥር ያለበትን የመለኪያ ዘንግ) በትክክል ማንበቡን አያሳይም።

መስክ ስንወጣ መሣሪያ ስለሚያንስ በቡድን ነው የምናሠራው። ቀልጠፍ ያለው ሌቭሉን ይይዛል። ሌላው ስታፍ ያቆማል፣ ሌላው ይመዘግባል። ሪፖርቱ አንድ፣ ማርኩም አንድ! ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ነገ መንገድ የሚቀይሱት እኮ እነሱ ናቸው።

እያንዳንዱን በግል ለመፈተን ሩብሪክ (የነጥብ አሰጣጥ መስፈርት) አዘጋጅቻለሁ፦ አተካከል፣ ንባብ፣ አመዘጋገብ፣ የመዝጊያ ስህተትን (ለክተው ወደ መነሻው ሲመለሱ የሚታየውን ልዩነት) ማረም። ግን ክፍሉ ትልቅ ነው። መዛኞቹ እኔና አንድ ረዳት ብቻ ነን፤ ለአንድ ተማሪ የምንሰጠው ነጥብም ይራራቃል።

ከየቡድኑ አንድ ተማሪ በዕጣ አውጥቼ ብፈትን ለኮርሱ በቂ ማስረጃ ይሆናል? ዕጣ የወጣበት ልጅ የሚያገኘው ነጥብስ ማርኩ ላይ ይያዝ ወይስ ይተው? የሁለት መዛኞችን ነጥብ እንዴት ታቀራርባላችሁ? የሠራችሁበት ቅጽ ካለ እባካችሁ አካፍሉኝ።